የመረጃ ጥያቄዎ ሲከለከል የትኛውን በር ያንኳኳሉ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

ከከተማ አስተዳደር ወይም ከክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ሰነድ ጠይቆ ያላገኘ ሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ «አሁን የት ልሂድ?» የሚል ነው። ከዚያ በፊት ግን «የተሰጠኝ ምላሽ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በጽሑፍ የተከለከለ ሰው፣ ምንም መልስ ያልተሰጠው ሰው፣ «ሰነዱ የለም» የተባለ ሰው እና ከጠየቀው ግማሹን ብቻ ያገኘ ሰው አንድ ዓይነት አቤቱታ ጽፈው ወደ አንድ ቢሮ ቢሄዱ፣ ቢያንስ የሦስቱ ልፋት ከንቱ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ክፍት የሆኑትን መንገዶች እርስ በርስ እያነጻጸረ፣ የትኛው ለየትኛው ምላሽ እንደሚስማማ ለማሳየት ይሞክራል።

በመጀመሪያ የሕጉን መሠረት በአጭሩ እንመልከት። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ይጠብቃል። ዝርዝሩ የሚገኘው በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ውስጥ ነው። ይህ አዋጅ ተሽሯል ብለው የሚከራከሩ የቢሮ ሠራተኞች ያጋጥማሉ። የተተካው ግን የመገናኛ ብዙኃን ክፍሉ ነው፤ እሱን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ተክቶታል፣ መረጃ ስለማግኘት የሚደነግገው ክፍል ሥራ ላይ ቀጥሏል። አዋጁ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ሳይሆን በየትኛውም እርከን ያሉ የክልል መንግሥት አካላትንም ስለሚመለከት፣ የደሴ ከተማ አስተዳደርም ሆነ የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር፣ ከሥራቸው ካሉ ጽሕፈት ቤቶች ጋር፣ በዚሁ አዋጅ ይገዛሉ። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሲሆን፣ ምላሽ መስጫው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በቂ ምክንያት ካለው ለተጨማሪ 30 ቀን ሊያራዝመው ይችላል።

የይግባኙ መሰላል ሦስት እርከን አለው፤ መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ፍርድ ቤት። ይህ መደበኛው መንገድ ነው። ከመሰላሉ ውጪ ደግሞ ሰዎች በተግባር የሚሄዱባቸው፣ አንዳንዴም ከመሰላሉ ፈጥነው ውጤት የሚያስገኙ ሌሎች መንገዶች አሉ።

ይግባኝ ከመጻፍ በፊት ጥያቄውን እንደገና መጻፍ

ብዙ ሰው ይህን እንደ መሸነፍ ይቆጥረዋል። እኔ ግን ከሁሉም ቀድሞ መታሰብ ያለበት ይህ ነው እላለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት ሰፈር የኮብልስቶን መንገድ ለማሠራት ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ነበርና፣ ስለ ወጪው አንድ ጽሕፈት ቤት «ስለ ኮብልስቶን ሥራው ያለው መረጃ በሙሉ ይሰጠን» ብለን ጻፍን። የመጣው መልስ «ጥያቄው ግልጽ ስላልሆነ ማስተናገድ አልቻልንም» የሚል ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ተናደን ይግባኝ ልንጽፍ ስንል፣ ዕድሜውን በመዝገብ ቤት ያሳለፈ አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ደብዳቤያችንን አንብቦ፣ «ይህን እኔም ብሆን አልመልስም ነበር፤ የትኛውን ፋይል ላውጣላችሁ?» አለን። ልክ ነበር። በአዲሱ ደብዳቤ የጠየቅነው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ከሥራ ተቋራጩ ጋር የተፈረመውን ውል፣ የክፍያ ሰነዶቹን እና ሥራው ሲጠናቀቅ የተያዘውን የርክክብ ቃለ ጉባኤ። ሁለቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተሰጡን። ሦስተኛው አልተሰጠንም፤ ስለ እሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ምላሹ «ግልጽ አይደለም»፣ «በጣም ሰፊ ነው» ወይም «የምንይዘው በዚህ መልክ አይደለም» የሚል ከሆነ እንግዲህ አዲስ፣ ጠባብ ጥያቄ ከይግባኝ ይሻላል። አዲስ ጥያቄ ሲቀርብ የምላሹ ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል፤ ያም ሆኖ በትክክል ያልተጻፈ ጥያቄ ይዞ ወደ በላይ ኃላፊ መሄድ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያባክናል። በአንጻሩ ምላሹ «ይህ ሚስጥር ነው»፣ «ለግለሰብ አይሰጥም» ወይም «ከላይ ካልታዘዝን አንሰጥም» የሚል ከሆነ ጥያቄውን አሻሽሎ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ ክልከላው ከጥያቄው አጻጻፍ ሳይሆን ከውሳኔ የመጣ ስለሆነ መልሱም ይግባኝ ነው።

ለበላይ ኃላፊ የሚቀርብ ይግባኝ

ይህ እርከን በሕጉ የመጀመሪያው ነው፤ ከሁሉም ርካሹም እሱ ነው። ድክመቱ ግልጽ ነው፤ የከለከለዎት ሰው አለቃ ዘንድ ነው የሚሄዱት፣ አለቃውም ብዙ ጊዜ ከክልከላው ጀርባ አለ። ስለዚህ አንዳንዶች ይህን እርከን ዘለው በቀጥታ ወደ እንባ ጠባቂ ይሄዳሉ። አይመከርም። ቀጣዮቹ በሮች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ለበላይ ኃላፊው አቅርበው ነበር? ማስረጃው የታለ?» ብለው ስለሆነ፣ ዘልለው የሄዱ እንደሆነ ተመልሰው ይመጣሉ፤ በመካከሉ የይግባኝ ጊዜው ያልፋል።

የዚህ እርከን ትልቁ ጥቅም ኃላፊው ሰነዱን ይፈቅዳል የሚል ተስፋ ብቻ አይደለም። ኃላፊው ፊርማውን አስቀምጦ ምክንያት እንዲጽፍ ይገደዳል። «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ሳምንት ይመለሱ» የሚለው ቃል ወደ ፊት የትም አያደርስም፤ በቲተርና በፊርማ የተረጋገጠ ክልከላ ግን ለቀጣዩ እርከን ዋና ማስረጃ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

በጽሑፍ ምላሽ ያላገኘ ሰውስ? ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚቀጥለውን ዝምታ እንደ ክልከላ ቆጥሮ ለበላይ ኃላፊው ይግባኝ ማቅረብ ተገቢ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ጥያቄው የገባበት ቀን ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ማመልከቻውን ሁለት ኮፒ አድርገው መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በእርስዎ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያስደርጉ። ለፀሐፊዋ ሰጥቶ መመለስ፣ ወይም የሚያውቁት ሠራተኛ «እኔ አስገባልሃለሁ» ሲልዎት አምኖ መተው፣ ማመልከቻውን እንዳላስገቡ ያህል ነው። ደሴ ውስጥ ሰው በሰው የማይገኝ ነገር የለም ይባላል፤ ሰነድም በዚያ መንገድ ለማየት ይቻል ይሆናል። በትውውቅ የታየ ሰነድ ግን ማህተም የለውም፤ ለማንም ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም፣ ያሳየዎትንም ሠራተኛ ለችግር ያጋልጣል።

ይግባኙ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። የጥያቄውን ቀንና ቁጥር፣ የተሰጠውን ምላሽ እና ምላሹ ስሕተት የሆነበትን ምክንያት ይዞ ይጠናቀቅ። እዚህ ላይ ሁለት ነጥቦች ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው፣ ከሰነዱ አንዱ ክፍል የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ ወይም የንግድ ሚስጥር ቢኖረው፣ ያ ክፍል ተሸፍኖ የቀረው እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል። ሁለተኛው፣ ሕጉ ከሚከለክላቸው ነገሮች በአንዳንዶቹ ላይም እንኳ፣ መረጃው መገለጡ ለሕዝብ የሚያስገኘው ጥቅም ከሚያስከትለው ጉዳት ከበለጠ እንዲገለጥ የሚያስችል ድንጋጌ አለ። የሕዝብ መዋጮ ወጪ፣ የጨረታ ውጤት ወይም የመሬት ምደባ ጉዳይ ሲሆን ይህ ነጥብ ጠንካራ ነው።

እንባ ጠባቂ ወይስ ፍርድ ቤት?

የበላይ ኃላፊው ከከለከለ በኋላ ያለው ውሳኔ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ሁለቱን ተቋማት በጥንቃቄ ማነጻጸር የሚያስፈልገውም እዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ፣ ተጠሪነቱም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሆነ ተቋም ሲሆን፣ በክልሉ ያለው ቅርንጫፍ ባሕር ዳር ነው። አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አያስከፍልም፤ በጽሑፍም በቃልም ይቻላል፤ ራስዎ መቅረብ ባይችሉ የቤተሰብ አባል ወይም ወኪል ሊያቀርብልዎ ይችላል። ጠበቃ አያስፈልግም። ተቋሙ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር በቀጥታ ይጻጻፋል፤ ብዙ ኃላፊዎች በዜጋ ደብዳቤ ያልከፈቱትን ፋይል ከተቋሙ በመጣ ደብዳቤ ሲከፍቱት ይታያል። ጉድለቱ እንደ ፍርድ ቤት የአፈጻጸም መዝገብ ከፍቶ ሰነዱን ማስወጣት አለመቻሉ ነው። ውጤቱም በመሥሪያ ቤቱ መልካም ፈቃድ ላይ ብዙ ይደገፋል። በወልዲያ በኩል ዞሮ ባሕር ዳር መመላለስም ከደሴ ላለ ሰው ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ በአካል ከመሄድ በፊት በፖስታ መላክን ወይም እዚያ ያለ ዘመድን መወከልን ያስቡ።

ፍርድ ቤት ደግሞ አስገዳጅ ትእዛዝ ይሰጣል። ደሴ የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያለባት ከተማ ስለሆነች፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ ከባሕር ዳር ይልቅ ይቀርባል። ነገር ግን ቀጠሮው ይረዝማል፣ ወጪ አለው፣ የመንግሥት ተከላካይ ዐቃቤ ሕግም ሊቀርብብዎት ይችላል። የይግባኝ ማመልከቻ በራፖር ጸሐፊ ማስጻፍ ይቻላል፤ ቢሆንም ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጡትን ምላሾች በቀን ተራ አስቀምጦ የሚያሳይ ጽሑፍ ከሌለ ማመልከቻው ክብደት አይኖረውም።

ብዙ ሰው የማያስተውለውና ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ነገር ይህ ነው፤ እንባ ጠባቂው በፍርድ ቤት እየታየ ያለን ጉዳይ አይመረምርም። መጀመሪያ ክስ የመሠረተ ሰው ያንን በር በገዛ እጁ ይዘጋል። በእንባ ጠባቂው ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ግን ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ስለዚህ በተለመደው ሁኔታ እንባ ጠባቂውን ማስቀደም ይሻላል፤ ምርጫውን የሚገለብጥ አንድ ምክንያት ብቻ አለ፣ እሱም ሰነዱ የሚያስፈልግበት ዋና ክርክር አስቀድሞ ፍርድ ቤት መቅረቡ ወይም ሊቀርብ መሆኑ ነው።

እንደዚያ ከሆነ ይግባኝ ጭራሽ ላያስፈልግዎ ይችላል። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 223 ተከራካሪ ወገን ማስረጃውን ሲዘረዝር በሌላ እጅ ያለውን ሰነድ በማን እጅ እንዳለ እንዲገልጽ ይጠይቃል፤ በቁጥር 145 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሰነዱ ካለበት መሥሪያ ቤት እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል። በይዞታ ወይም በውርስ የሚከራከር ሰው የካርታ ፋይሉን ለማግኘት በመረጃ ነፃነት መሰላል ላይ ስድስት ወር ከሚወጣ፣ በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ «በከተማው መሬት አስተዳደር እጅ የሚገኝ፣ ትእዛዝ ተሰጥቶ ይቅረብልኝ» ብሎ ቢጽፍ ይቀለዋል። ለዚህ ዓይነቱ ሰው እኔ ሌላ ምርጫ አላይም።

ቅሬታ ሰሚና ምክር ቤት

በከተማ አስተዳደሮቹ ያሉት የቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤቶች ለአገልግሎት መጓተት ይጠቅማሉ፤ ሠራተኛው ፋይሉን ይዞ ከጠፋ ወይም ክፍያ ከፍለው ኮፒው ካልተሰጠዎት አንድ ደብዳቤ ሊበቃ ይችላል። ሰነዱ ይሰጥ አይሰጥ በሚለው የሕግ ክርክር ላይ ግን ከበላይ ኃላፊው የበለጠ ሥልጣን የላቸውም። የከተማው ምክር ቤት አባል በኩል ጥያቄ ማስነሣት ደግሞ መረጃው ስለ በጀት ወይም ስለ ጨረታ ሲሆን ዋጋ አለው፤ ምላሹ ግን ለምክር ቤቱ የሚሰጥ ሪፖርት ይሆናል እንጂ ለእርስዎ የሚሰጥ ማህተም ያለበት ሰነድ አይሆንም። ከሁለቱም ይልቅ ጠቃሚ ሊሆን የሚችለው ግልባጭ ነው። ለበላይ ኃላፊው በሚጽፉት ይግባኝ ግርጌ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤትና ለመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ግልባጭ ቢያደርጉ፣ ዝም የማለት ፈተናው ይቀንሳል። ለአሥር ቢሮ ግልባጭ ማድረግ ግን ተቃራኒ ውጤት አለው፤ ሁሉም ሌላው እንደሚመልስ ያስባል።

«ሰነዱ የለም» ሲባል

በደሴና በኮምቦልቻ ይህ መልስ ከሌላ ቦታ ይልቅ ክብደት አለው። ሁለቱም ከተሞች ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ አልፈዋል፤ ቢሮዎች ተዘርፈዋል፣ ፋይሎችም ጠፍተዋል። ስለዚህ «በጦርነቱ ጠፍቷል» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማስተባበያ ሆኖ ሊቀርብም ይችላል። ለሁለቱም የሚሠራው አካሄድ አንድ ነው፤ ቃሉን በጽሑፍ መጠየቅ። ሰነዱ መጥፋቱን፣ ፍለጋው የት የት እንደተደረገና ሌላ ቅጂ የት ሊገኝ እንደሚችል ኃላፊው እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ። ከላይ የጠቀስሁት የርክክብ ቃለ ጉባኤ በዚህ መንገድ ነው የተገኘው፤ ጽሕፈት ቤቱ «የለንም» ብሎ በጽሑፍ ሲመልስ፣ ክፍያው የተፈጸመበት ሌላው ክፍል ግን ያለ ርክክብ ሰነድ ክፍያ ስለማይፈጽም ቅጂው በእሱ ፋይል ውስጥ ነበር። ይግባኝ ብንል ኖሮ በሌለ ሰነድ ላይ ስንከራከር እንኖር ነበር።

የከተማ ሰነድ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ቦታ ይኖራል። የሊዝ ውል በመሬት ክፍሉም በውል ተቀባዩም እጅ አለ፤ የክፍያ ሰነድ በፋይናንስ ክፍል፣ የግዥ ሰነድ በግዥ ክፍል፣ በበጀት የተደገፈ ፕሮጀክት ሪፖርት ደግሞ በዞኑ ወይም በክልሉ ቢሮ ይገኛል። ስለዚህ «የለም» የሚል ምላሽ ያገኘ ሰው ከይግባኙ በፊት ወይም ጎን ለጎን ለሌላው ያዥ አዲስ ጥያቄ ማቅረብ አለበት።

የተሳሳተ በር የሚያስከፍለው ዋጋ

ሦስት ስሕተቶች በተደጋጋሚ ይታያሉ። አንደኛው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን በከተማ አስተዳደር ላይ መጥቀስ ነው። ያ አዋጅ የፌዴራል አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶችን እና የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደሮች የሚመለከት ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ በክልል ሥር ስለሆኑ በእሱ ላይ የተመሠረተ አቤቱታ ከመነሻው ይወድቃል።

ሁለተኛው ተቋሙን አለመለየት ነው። የጉምሩክ ኮሚሽን የኮምቦልቻ ቅርንጫፍም ሆነ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋማት እንጂ የከተማው አስተዳደር አካል አይደሉም። ስለ እነሱ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ጥያቄ በሕጋዊ ምክንያት «አይመለከተንም» ተብሎ ይመለሳል።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚጎዳው ነው፤ ሰነዱን መጠበቅ ዋናውን ጉዳይ እስኪያስረሳ ድረስ መዘግየት። ቤቱ ለልማት የሚነሣበት ሰው ካሳው የተሰላበትን ሰነድ እየጠበቀ ሊቆይ ይችላል፤ ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለአቤቱታ ሰሚው አካል የሚቀርበው አቤቱታ የ30 ቀን ገደብ አለው። የመረጃ ጥያቄው ይህን ቀን አያስቆምም። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው የካሳውን አቤቱታ ባለው ማስረጃ ወዲያውኑ ማስገባት፣ በአቤቱታው ውስጥም የስሌቱ ሰነድ ተጠይቆ እንዳልተሰጠ መግለጽና ሰሚው አካል እንዲያስቀርብ መጠየቅ ይኖርበታል።

ምርጫው ገና ያልጠራለት አንባቢ ቢኖር እንዲህ ይጀምር፤ ነገ ጠዋት መዝገብ ቤት ሄዶ የመጀመሪያ ማመልከቻው የገባበትን ቁጥርና ቀን ይጠይቅ። ቁጥሩ ካልተገኘ ሌላው ሁሉ ይቆየውና ማመልከቻውን እንደገና በሁለት ኮፒ ያስገባ።